ድኩላውን ማን አረደው?

ምዕራፉን ለታይፒስቷ ስሰጣት ድኩላው ሞቶ ነበር። ተተይቦ ሲመለስልኝ ድኩላው በሕይወት አለ።

ነገሩን ያየሁት ሥራ ቦታ፣ በምሳ ሰዓት ነው። የምሠራው ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ደምና ሰገራ በማይክሮስኮፕ ስለማይ፣ ዓይኔ የሌለውን ሲያይም ያለውን ሲስትም እናደዳለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ የተጠራጠርኩት ራሴን ነው። ደብተሬን አውጥቼ ከተተየበው ወረቀት ጎን አስቀመጥኩት። በእጄ የጻፍኩት «ወንጭፉን ሦስት ጊዜ በራሱ ላይ አሽከረከረ። ድንጋዩ ተፈናጠረ። ድኩላው ግንባሩን ተመትቶ በቆመበት ተደፋ፤ መሬት ሳይነካ ነፍሱ ወጥታ ነበር» ይላል። የተተየበው ደግሞ «ድንጋዩ ከቀንዱ በላይ አልፎ ማዶ ያለውን ቋጥኝ መታ። ድኩላው ደንግጦ ፊቱን አዞረ» ይላል። ከዚያ በታች ያለው ግን ሁሉም የእኔው ነው፤ ሥጋው ይጠበሳል፣ ሽማግሌዎቹ ይመርቃሉ። ያልሞተ ድኩላ ሥጋ እየተበላ ነው።

ልብ ወለዱን ስድስት ዓመት ጽፌዋለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ፣ በባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር። ከማረሻ በፊት፣ ከገብስም በፊት በእነዚህ የአርሲ ተራሮች ላይ ስለኖሩ ሰዎች ነው። አንድ ጊዜ ወደ በቆጂ ስንሄድ መኪናችን ጎማ ተንፍሶበት ቆመና፣ ጎሚስታው እስኪመጣ በመንገዱ ዳር ስዞር ጥቁር፣ እንደ ጠርሙስ ስብራት የሚያብረቀርቅ ባልጩት አገኘሁ። ጠርዙ ተፈልጦ ተስሏል። ጣቴን ቆረጠኝ። ይሄን ማን ሳለው፣ ምን ቆረጠበት ብዬ የጀመርኩት ጥያቄ ነው አሥራ አንድ ደብተር የሆነው። ሰዎቹ የራሴ ፈጠራ ናቸው። ወንጭፉና ድኩላው ግን የአባቴ ናቸው፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ታይፒስቷ ሱቋ ከባጃጆቹ ተራ ፊት ለፊት ነው። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ የደንበኛ አግዳሚ ወንበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የባለጉዳይ አቤቱታ፣ የሥራ ማመልከቻ ሁሉ በእሷ እጅ ያልፋል። ሰው ሲጽፍ የተሳሳተውን አርማ ስለምትተይብ፣ ብዙ ባለጉዳይ ራሱ ከጻፈው ይልቅ እሷ የተየበችውን ያምናል። ቀይ ሻሽ ያሰረች፣ ከእኔ አሥር ዓመት የምታንስ፣ ሳቋ ቅርብ የሆነ ሴት ናት። ሁልጊዜ «ሲስተር» ትለኛለች። ነርስ አይደለሁም ብዬ ሁለት ጊዜ ነግሬያት ሦስተኛውን ተውኩት።

ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ ጣል አድርጌ «ይሄ ምንድነው?» አልኳት።

አየችው። ልትክድ አልሞከረችም። «ሲስተር፣ አፉ በይኝ። ጻፍኩት፣ ሰረዝኩት፣ መልሼ ጻፍኩት። ወላሂ እጄ እምቢ አለኝ።»

«እጅሽ ማን ስለሆነ ነው እምቢ የሚለው?»

«እዚሁ ታች ቆላው፣ ዴራ ተወልጄ አሥረኛ ክፍል እስክደርስ ማሽላ ስጠብቅ ነው ያደግኩት። ማማ ላይ ወጥቼ፣ ግሪሳ ሲመጣ ወንጭፍ ስወረውር። ስንቱን ወፍ፣ ስንቱን ጦጣ፣ ስንቱን ድኩላ! አንድም ቀን አልገደልኩም። የገደለም ሰው አላየሁም። ወንጭፍ ይመልሳል እንጂ አይገድልም።»

«አባቴ ገድሏል» አልኳት።

ቀስ ብላ «አባትሽ ካሉማ እንግዲህ…» አለችና ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ይህቺን «እንግዲህ» አውቃታለሁ። አሰላ ውስጥ ሰው አላምንህም ማለት ሲያፍር የሚላት ናት። ከስድብ ይልቅ እሷ አበገነችኝ።

አሁን የአባቴን ታሪክ ልንገራችሁ። አባቴ ሠላሳ ዓመት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ወረፋ ላይ ሰው ሲቀድመው «ቸኩሎ ይሆናል» የሚል። በሕይወቱ ደፋር የሆነበት አንድ ታሪክ አለው፤ በየበዓሉ ምግብ ተበልቶ እጅ ከታጠብን በኋላ ይነገራል። ዴራ፣ ድርቅ የበዛበት ዘመን፣ እሱ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ። ማሽላው አንዲት ጥግ ላይ ብቻ በቅሏል። ድኩላ ከወንዙ ወጥቶ ይመጣል። እሱ ወንጭፉን ያነሳል፣ ሦስት ጊዜ ያሽከረክራል፣ ይለቃል። ድኩላው መሬት ሳይነካ ይሞታል። መንደሩ ይበላል። እዚህ ሲደርስ የአባቴ ድምፅ ይቀየራል፤ ትከሻው ሰፋ ይላል። እኛ ልጆቹ ቃል በቃል ስለምናውቀው ከንፈራችንን እያንቀሳቀስን አብረነው እንላለን።

አክስቴም፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ታሪኩ ሲነገር ሁልጊዜ ይኖራሉ። በሁለት ዓመት ብቻ ቢበልጡትም አባቴ «እትዬ» እያለ «አንቱ» ነው የሚላቸው፤ እኛም ከእሱ ተቀብለን አንቱ እንላቸዋለን። ታሪኩ ሲያልቅ «እንዲህ ነበር» ይላሉ፣ ቡናቸውን ይጠጣሉ። ስለዚህ ምስክርም ነበረን።

እንግዲህ ጉዳዩ የአንድ ምዕራፍ ጉዳይ አይደለም። ድንጋዩ ከሳተ አባቴ ዋሽቷል። ከሰባ ዓመቱ በላይ የሆነ፣ ሌላ ምንም የሚኮራበት ነገር የማያወራ ሰው፣ ያቺኑ አንዷን ዋሽቷል ማለት ነው። ያንን ማወቅ አልፈለግኩም። ግን ደግሞ እኔ ናሙና ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ሳላየው ወደ ቤቴ የምሄድ ሰው አይደለሁም። ፈራሁ፣ ፈልጌም ነበር፤ ሁለቱም እውነት ነው።

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩና «አሳዪኝ» አልኳት።

ታይፒስቷ በባለጉዳይ መካከል ሁለት ቀን ቃጫ ገመደች። መሀሉ ላይ መዳፍ የሚያህል መቀመጫ ሠራችለት፤ ድንጋዩ የሚተኛበት። በአንዱ ጫፍ ጣት የሚገባበት ቀለበት፣ በሌላው ቋጠሮ። እሁድ ጠዋት ከከተማው ወጥተን ወደ ጭላሎ ግርጌ፣ ገብሱ ታጭዶ ወዳለቀበት የዘመዷ ማሳ ሄድን። እሷ ቢጫ ጀሪካን ይዛ፣ እኔ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ። ጋሪ ነጂው ምን ልንሠራ እንደሆነ ጠይቆን፣ ስንነግረው ፈረሱን ራቅ አድርጎ አቆመ። ብልህ ሰው ነበር።

ቀለበቱን መሀል ጣቴ ላይ አስገባሁ፣ ቋጠሮውን በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ያዝኩ፣ ልክ እንደ ልብ ወለዴ ጀግና ሦስት ጊዜ በራሴ ላይ አሽከረከርኩና ለቀቅኩ። ድንጋዩ ወደ ኋላ ሄደ። ሁለተኛው ወደ ሰማይ ሄዶ የት እንደወደቀ እስካሁን አላውቅም፤ ሁለታችንም ራሳችንን ይዘን ቁጢጥ አልን። ሦስተኛው የገዛ ቁርጭምጭሚቴን አገኘኝ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይሄው ነው።

«ማነው አሽከርክሪ ያለሽ?» አለችኝ እንባዋ እስኪመጣ እየሳቀች።

«አባቴ። ደግሞም ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ዳዊት እንደዚያ ነው የያዘው።»

«ዳዊት የመታው የቆመ ሰው ነው። ያውም ቤት የሚያህል። ጎልያድ ሣር እየጋጠ ጆሮውን አላቆመም።»

ወንጭፉን ተቀበለችኝ። አላሽከረከረችም። ክንዷን አንዴ ብቻ ከኋላ ወደ ፊት ወዘወዘችው፤ አንድ የሚያፏጭ ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ ድንጋዩ ከጀሪካኑ አንድ ክንድ አለፍ ብሎ አፈሩን አቦነነው። ደጋግማ ወረወረች። በሃያ እርምጃ ጀሪካኑን ሁለት ጊዜ አገኘችው። ወደ አርባ እርምጃ ስናርቀው አሥር ጊዜ ወርውራ አሥሩንም ሳተችው። ነገር ግን የሳተችው ሁሉ በምትፈልገው በኩል ነው። «በቀኙ» ትላለች፣ በቀኙ ይወድቃል። «ማዶ» ትላለች፣ ማዶ ያርፋል።

«አየሽ፣ እንስሳው ፉጨቱን ሲሰማ ሄዷል። ድንጋዩ እሱ ጋ ሲደርስ እሱ የለም። ስለዚህ እሱን አንመታም፤ የሚሄድበትን ነው የምንመታው። ከፊቱ ካሳረፍሽበት ወደ አንቺ ይመለሳል። በቀኙ ካሳረፍሽ በግራ ይሄዳል። ድኩላን እንደ በሬ ትነጂዋለሽ፤ ገመዱ ድንጋይ ነው።»

ደብተሬን ከፍቼ ገለባው ላይ ተቀመጥኩ። ንዴቴ የት እንደሄደ አላውቅም። ቃጫ ይበሰብሳል፣ ቆዳ ይበሰብሳል። ድንጋዩ ደግሞ ከወረወሩት በኋላ ተመልሶ ድንጋይ ነው። ከእርሻ በፊት የነበሩት ሰዎች ወንጭፍ ነበራቸው ወይ ብዬ ብጠይቅ የሚመሰክርልኝ ነገር ከመሬት አይወጣም። ልብ ወለድ ጸሐፊ እንዲህ ያለ ባዶ ቦታ ሲያገኝ ደስ ይለዋል፤ ማን ያርመኛል ብሎ። እኔም ባዶውን ቦታ በአንድ ጎረምሳና በአንድ ተአምረኛ ድንጋይ ሞልቼው ነበር። አሁን ግን ሌላ ነገር ታየኝ። አንዱ ከኮረብታ ላይ ሆኖ የሚነዳ፣ ሌላው ገደሉ ሥር ሆኖ የሚጠብቅ፣ እንስሳው በገዛ እግሩ እየሮጠ ወደ ሞቱ የሚሄድ። ነፋሱ ከየት ነው? ስንት ሰው ይበቃል? ሕፃን ያዘለች ሴት መንዳት ትችላለች? ጥያቄ በጥያቄ ላይ መጣብኝ። ታይፒስቷም እየመለሰች፣ እኔም እየጻፍኩ፣ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ደረሰች።

ልንነሳ ስንል እሷ ጀሪካኑን እያነሳች «አንድ ነገር ግን ከተየብኩት ጀምሮ ከንክኖኛል፤ እንዳትቆጪ» አለችኝ።

«በይ።»

«እናንተ በክት ትበላላችሁ እንዴ?»

«ምን?»

«እኛ ቢስሚላሂ ተብሎ ካልታረደ አንበላም። እናንተም በስመ አብ ተብሎ ካልታረደ አትበሉም። የአባትሽ ድኩላ መሬት ሳይነካ ሞተ። ከዚያ መንደሩ በላው።»

እኔ እኮ የዚያው ቤት ልጅ ነኝ! ልጅ ሆኜ የፋሲካ በጋችን ገመዱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ፣ ቢላዋ ሳይነካው ሞቶ ተገኘ። ሥጋው ትኩስ ነው፣ ሁለት ወር ጾመን ነው የዋልነው፣ አባቴ ግን ሳያመነታ አስጎትቶ ገደል አስጣለው። በዚያ ፋሲካ ሽሮ በላን። ያንኑ ዕለት ማታ እዚያው ሽሮ ዙሪያ የድኩላውን ታሪክ ተረከልን፤ ማናችንም እጃችንን አላነሳንም። አርባ ዓመት ሙሉ ያንን ታሪክ ስሰማ፣ ስድስት ዓመት ስጽፈው፣ ይሄ አንድ ጥያቄ አልመጣልኝም። የድንጋይ ዘመን ሰዎች የፈለጉትን ይብሉ። አያቴ ግን፣ ቤቱ በረሃብ ቢያልቅ እንኳ፣ ያልታረደ አያስበሉም ነበር። ስለዚህ ድኩላው ቢላዋ ሲደርስበት በሕይወት ነበር። እንግዲህ ማን ያዘው? ማንስ አረደው?

ከሰዓት ወንጭፉን ይዤ አባቴ ቤት ሄድኩ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ይሰማል። «አባዬ፣ እስቲ አያያዙን አሳየኝ፤ ለመጽሐፌ ነው» አልኩት። ደስ አለው። መነጽሩን አደረገ፣ ገመዱን በእጁ መዘነ፣ ከዚያ ሁለቱንም ጫፎች አንድ ላይ አጥብቆ ቋጠራቸው።

ሁለቱ ጫፍ ከተቋጠረ ድንጋዩ አይወጣም። ይሄንን እኔ እንኳ፣ ቁርጭምጭሚቴ ያበጠው፣ ከጠዋት ጀምሮ አውቄዋለሁ።

«እንዲህ ይያዛል» አለኝ። ቋጠሮውን አየሁት፣ እሱም እኔን አየኝ። «እጅ ይረሳል» አለና ፈትቶ መለሰልኝ።

«አባዬ፣ ድኩላውን ማን አረደው?»

«የዚያን ዓመት ድርቁ ድርቅ እንዳይመስልሽ» አለኝ። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች። ሬዲዮውን ከፍ አደረገ። እኔም ተነስቼ የተቀቀለ ድንች ሠራሁለት። የሰው ኪስ የበረበርኩ ያህል አፍሬ ነበር። ግን አላቆምኩም። ጥያቄ አንዴ ከገባብኝ እንደ ቅንቡርስ ነው፣ ከውስጥ ይበላኛል።

በሚቀጥለው እሁድ ሚኒባስ ይዤ ወደ ዴራ ወረድኩ። ከአሰላ ብርድ ወደዚያ ሲወርዱ ሰው በየኬላው አንድ ልብስ እያወለቀ ነው የሚደርሰው። አክስቴ ግቢያቸው ውስጥ ከዛፍ ጥላ ሥር ምስር ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ የሁሉም ጤና ተጠየቀ፣ የላሞቹም ጭምር። ከዚያ የመጣሁበትን አወጣሁት።

«እትዬ፣ የአባዬን ድኩላ ማን ነው ያረደው?»

ከምስሩ ቀና አላሉም። «እሱ ነዋ።»

«ሞቶ አልነበረም እንዴ?»

«የሞተ ይታረዳል? ትምህርት ቤት ይሄን አላስተማሩሽም?» አሉና ጠጠር አውጥተው ጣሉ። «ማን ነው ይሄን ያስጠየቀሽ?»

ወንጭፉን ከቦርሳዬ አውጥቼ አጠገባቸው አስቀመጥኩት። ወዲያው አነሱት። የቀኝ መሀል ጣታቸው ቀለበቱ ውስጥ ገባ፤ ቋጠሮው በአውራ ጣታቸው ሥር ተቀመጠ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ዓይናቸው ምስሩ ላይ ነበር።

«መቀመጫው ጠቧል» አሉ። «ለጓል ሰፋ ይላል። ማሳ ውስጥ ድንጋይ አይወረወርም፤ ኋላ ማረሻ ይሰብራል።»

«እርስዎ ነዎት የወረወሩት።»

«ታዲያ ማን ይወርውር? ማማው የእኔ ነበር። እሱማ ወንጭፍ ይዞም አያውቅ፤ ውሃ ነበር የሚቀዳው።» ወንጭፉን አላስቀመጡትም። «ድኩላው ከወንዙ በቦረቦሩ በኩል ወጣ። ነፋሱ ወደ እኔ ነው፣ አላሸተተኝም። የገባበትን በር በጓል ዘጋሁበት፤ ተመለሰ። ወደ ግራ ሲል በግራ። ሦስተኛውን ከጀርባው አፈነዳሁበት። ዘለለ፤ የቦረቦሩ ገደል መሆኑን በድንጋጤ አላየውም። የፊት እግሩ ተሰበረ። ከማማው ወርጄ ሮጬ ላዩ ላይ ተኛሁበት፣ ቀንዱን ይዤ። ይራገጣል። እኔ ልረደው እችላለሁ? ሴት አታርድ። ብሞት አልችልም። ብለቀው ይሄዳል፣ ባንቀው በክት ይሆናል። ጮህኩ። አባትሽ እንስራውን ጥሎ፣ ቢላዋ ይዞ መጣ። ዶሮ እንኳ አርዶ አያውቅም። ‹በስመ አብ› ይልና ያለቅሳል፣ ‹በስመ አብ› ይልና ያለቅሳል። አንገቱን ወደ ምሥራቅ ይዤለት በሦስተኛው አረደው።»

«ታዲያ ለምን የእሱ ሆነ?»

«አባታችን መጡ» አሉ። «ስወርድ ግሪሳው ማሽላው ላይ ሰፍሯል። ያቺው የቀረችን ጥግ ናት። ከማማው የወረደች ሴት ልጅ ምን እንደምትሆን ታውቂያለሽ? የእኛ አባት አለንጋቸው ቀልድ አያውቅም። አለንጋውን ይዘው ‹ማን ወረደ?› አሉ። እኔ አፌን ሳልከፍት እሱ ‹እሷ ወዳ አልወረደችም። ወንጭፏን ወስጄባት ነው። እኔ ነኝ ድኩላውን የመታሁት› አለ። በደም ተነክሯል፣ ቢላዋው በእጁ ነው። አባታችን አንዴ ድኩላውን፣ አንዴ ልጁን አዩ። አለንጋውን ጣሉት። ጎረቤቱ ደርሶ ‹ገዳይ! ገዳይ!› አለ። በቃ።»

«ግን አርባ ዓመት ሙሉ አጠገቡ ተቀምጠው እየሰሙ…»

«መጀመሪያ ለእኔ ብሎ ዋሸ። አባታችን እስኪሞቱ መዋሸት ነበረበት። ኋላ ግን ጣመው» አሉና ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ትተው «እንዳታሳፍሪው» አሉኝ። ወንጭፉን ስሄድ አልመለሱልኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ሚኒባሱ ወደ አሰላ ሲወጣ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ አለቀስኩ። አባቴ ውሸታም መሆኑን ልፈትሽ ሄጄ፣ ሲያለቅስ ያረደ፣ አለንጋ ፊት የቆመ ልጅ አግኝቼ ስመለስ ነበር። በየበዓሉ የሚነግረን ታሪክ ጀግና ያደርገዋል ብሎ ያስባል። ጀግንነቱን ግን ቆርጦ ነው የሚነግረን።

ምዕራፉን እንደገና ጻፍኩት። ጎረምሳውን አወጣሁት። በድንጋይ ዘመን ማሽላም ማማም የለም፤ ስለዚህ ልጅቷን እሳት ጠባቂ አደረግኳት። ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ሁሉም እንጨት ፍለጋ ሄዷል፣ እሳቱ ከጠፋ ማዶ ካሉት ሰዎች ለምኖ ለማምጣት ሁለት ቀን ይፈጃል። ድኩላው ሲመጣ ልጅቷ እሳቱን ትታ ትነሳለች። አንዴ ብቻ ትወዘውዛለች። ድንጋዩ ማዶ ያርፋል፣ ድኩላው ይዞራል፣ ወደ ገደሉ ይሄዳል። ታይፒስቷ አንድ ፊደል ሳትነካ ተየበችው። ስትጨርስ ወረቀቱን እየሰጠችኝ «ኤዬ፣ አሁን ሞተ» አለች፤ በኦሮምኛ አዎ ማለቷ ነው።

አባቴን ሳላሳፍር እንዴት እንደማሳየው ብዙ አወጣሁ አወረድኩ። መደበቅም ይቻል ነበር። ግን መጽሐፉ ታትሞ ብቻውን በረንዳው ላይ ሲያነበው አሰብኩና ያ ባሰብኝ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሬዲዮውን አጥፍቼ «ድርሰቴን እስቲ ላንብብልህ» አልኩት። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

ሳነብ ቀና ብዬ አላየሁትም። ልጅቷ ከእሳቱ ስትነሳ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ። ሥጋው ሲጠበስ፣ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ አንብቤ ጨረስኩና ወረቀቱን አስተካክዬ ያዝኩ። አባቴ ወደ ግቢው በር ነበር የሚያየው። ዴራ ሄደሽ ነበር ወይ አላለኝም፤ ማን ነገረሽም አላለኝም። ከአሁን በኋላ በየበዓሉ ያ ታሪክ እንደማይነገር ገባኝ። እኔ ነኝ የወሰድኩበት። መጻፌን እዚያው ላይ ጠላሁት።

«እሳቱስ?» አለኝ በመጨረሻ።

«የቱ?»

«ትታው የሄደችው። ጠፋ?»

አላሰብኩበትም ነበር። «ዝናብ መጥቷል፤ ይጠፋል» አልኩት።

«እንግዲያው ሲመለሱ ይመቷታል።»

«ሥጋ አምጥታ?»

«ሥጋውን ኋላ ነው የሚያዩት። መጀመሪያ የሚያዩት እሳቱን ነው።» ድምፁ የሰባ ሁለት ዓመት ሰው ድምፅ አልነበረም፤ የልጅ ነበር። «ወንድም አላት?»

«የላትም፣ አባዬ።»

«ስጫት» አለኝ።